ላይና ታች፦ «ሃይፖ» የተባለው የግሪክ ባዕድ መነሻ በሳይንስና በሕክምና ቃላት ውስጥ ያለው ትርጉምና የአስተማመሩ ዘዴ

መግቢያ

የማስተማሪያው ቋንቋ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በሚለወጥበት የክፍል ደረጃ ላይ ተማሪው ሁለት ሸክም ባንድ ጊዜ እንደሚሸከም በሥራው ላይ ያለ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። አንደኛው ሸክም ቋንቋው ራሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ቋንቋ ውስጥ የሚገኙት፣ በምንጫቸው ግን እንግሊዝኛ ያልሆኑት የሳይንስና የሕክምና ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት በብዛት ከግሪክና ከላቲን የተውጣጡ ስለሆኑ ለእንግሊዛዊው ተማሪም ቢሆን ባዕድ ናቸው። የእኛ ተማሪ ግን ሁሉንም እንደ አንድ ጓዝ ይቀበላቸውና አሠራራቸውን ሳይመረምር በቃሉ ይይዛቸዋል። ያለ መረዳት በቃል የተያዘ ነገር በፈተና ቀን ሊገለበጥ ይችላል፤ ከፈተና ውጭ ሲገለበጥ ግን ጉዳቱ ከነጥብ መቀነስ ያለፈ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት እጩ መምህራንን በተግባር ልምምዳቸው ላይ ለመጎብኘት በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ወደሚገኙት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ተጉዞ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ በእጩ መምህሩ እጅ የተጻፈ የጤና ትምህርት ወረቀት ተለጥፎ አየን። ወረቀቱ «ሃይፖግላይሴሚያ ማለት የደም ስኳር መብዛት ነው፤ ጣፋጭ ነገር አይሰጥም» ይላል። ትክክለኛው ፍች ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያው ክፍል በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋ አንዲት ተማሪ ነበረች። የክፍሉ ኃላፊ መምህር እንደገለጹልን፣ ከሳምንት በፊት ልጅቱን ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ዴስኳ ላይ ድፍት ስትል፣ ጓደኞቿ በወረቀቱ ላይ ያነበቡትን አስታውሰው ለእርሷ የመጣውን ስኳር ያለበት ሻይ ከልክለዋት ነበር። ያተረፈቻት በአጋጣሚ የደረሰች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

እጩ መምህሩ ሰነፍ አልነበረም። ቃሉን «ሃይፐርግላይሴሚያ» ከሚለው ቃል ጋር ጥንድ አድርጎ በቃሉ ይዞት ነበር፤ ጥንዶቹ በአእምሮው ውስጥ ቦታ ተለዋወጡበት እንጂ። ቃሉ እንደ ሣጥን ተከፍቶ ውስጡ የሚታይ ነገር መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ሊነግሩት ይገባ የነበሩት እኛ አሠልጣኞቹ ነን። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ «ሃይፖ» የተባለውን አንድ ባዕድ መነሻ ብቻ መርጦ ትርጉሙን፣ የሚያስከትለውን ስሕተትና በክፍል ውስጥ ሊሰጥ የሚችልበትን መንገድ ያብራራል። አንዱን በሚገባ የመረመረ መምህር ሌሎቹን በራሱ ሊመረምር እንደሚችል እናምናለን።

1. የቃሉ ምንጭና በአገራችን ያለው ዘመድ

«ሃይፖ» በግሪክ ቋንቋ «ሥር፣ ታች፣ ከ... በታች» ማለት ነው። ተቃራኒው «ሃይፐር» ሲሆን «ላይ፣ ከ... በላይ፣ ከልክ ያለፈ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ለዚህ አካባቢ ተማሪ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ነፋስ መውጫ ያለችበት ወረዳ ላይ ጋይንት፣ አርብ ገበያ ያለችበት ወረዳ ታች ጋይንት ይባላል። አንዱ አገር በከፍታው ምክንያት በሁለት ተከፍሎ፣ ከስሙ ጋር «ላይ» እና «ታች» የሚሉ ቃላት ተቀጥለውበታል። ተማሪው የወረዳውን ስም ሲጠራ ግሪኮቹ በ«ሃይፐር» እና በ«ሃይፖ» የሠሩትን ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው።

በግዕዝም ቢሆን ተመሳሳይ ጥንድ አለ። «ታሕተ» እና «መትሕተ» ታችን ሲያመለክቱ «ላዕለ» እና «መልዕልተ» ላይን ያመለክታሉ። እነዚህን ቃላት የቅኔ ተማሪ በአገባብ ትምህርቱ ጠንቅቆ ይማራቸዋል። ጋይንት ደግሞ የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት የቤተልሔም አገር እንደመሆኗ፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አልፈው ወደ ዘመናዊው የመጡ ተማሪዎችና መምህራን በዚህ አካባቢ ይገኛሉ። ግስን በቤት በቤቱ መድቦ፣ አንዱን ሥር ይዞ ብዙ ቃል ማውጣትን የሚያውቅ ሰው፣ የሳይንስ ቃላት የሚሠሩበትን ዘዴ ለመረዳት አዲስ ልማድ አያስፈልገውም፤ ያለውን ልማድ ወደ ሌላ መስክ ማዛወር ይበቃዋል።

የግሪክ ቃል ራሱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአክሱም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ «ወንጌል»፣ «ጳጳስ»፣ «ዲያቆን» የመሳሰሉት ቃላት ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። ከፊደላችን መካከል «ጰ» እና «ፐ» በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ በአብዛኛው የሚያገለግሉት የግሪክና ሌሎች የውጭ ቃላትን ለመጻፍ ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለው ማዕረግ ሲከፈት «ኤጲ» ማለት «ላይ»፣ ቀሪው ክፍል ደግሞ «ተመልካች» ማለት ሆኖ «በላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ» የሚል ፍች ይገኝበታል። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ የላይኛው የቆዳ ሽፋን «ኤፒደርሚስ» መባሉ ከዚሁ ከ«ኤጲ» የተነሣ ነው። እንግዲህ መምህሩ ለማያውቁት ሰዎች እንግዳ ነገር የሚያመጣ ሳይሆን፣ የሚያውቁትን ነገር የሚያስታውስ ሊሆን ይችላል።

2. «ሥር» ማለት ሲሆን

በሳይንስ ቃላት ውስጥ «ሃይፖ» ሁለት ዋና ዋና ትርጉሞች አሉት። የመጀመሪያው የቦታ ትርጉም ነው።

«ሃይፖደርሚክ» የሚለው ቃል «ሃይፖ» (ሥር) እና «ደርማ» (ቆዳ) ከሚሉት የተሠራ ሲሆን «ከቆዳ ሥር የሚሰጥ» ማለት ነው። የመርፌ ስም የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። «ሃይፖታላመስ» የተባለው የአንጎል ክፍል በታላመስ ሥር ስለሚገኝ ስሙን አግኝቷል። በሒሳብም ይኸው መነሻ አለ። የቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ረጅሙ ጎን «ሃይፖቴኑዝ» የተባለው ከቀጤ ማዕዘኑ ትይዩ፣ በማዕዘኑ ሥር የተዘረጋ ስለሆነ ነው፤ የግሪኩ ቃል «ከሥር የሚዘረጋ» ማለት ነውና። ይህ ሲነገረው ተማሪው ሃይፖቴኑዝ የትኛው ጎን እንደሆነ ዳግመኛ አይስትም።

«ሃይፖቴሲስ» የሚለው ቃል ደግሞ «ከሥር የተቀመጠ» ማለት ነው፤ እንደ ቤት መሠረት፣ ክርክሩ ሁሉ የሚቆምበት ማለት ነው። በአማርኛ «መላ ምት» ተብሎ ተመልሷል። «መላ መታ» ከሚለው አነጋገር የተገኘው ይህ ቃል የመገመቱን ሐሳብ በሚገባ ይገልጻል፤ ከሥር የመቀመጡን ሐሳብ ግን አይዝም። ይህ ጉድለት አይደለም። ጥሩ ትርጉም ዘወትር የባዕዱን ቃል ክፍል በክፍል የሚከተል እንዳይደለ የሚያሳይ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ከሁሉም ይልቅ ለመምህሩ ትኩረት የሚገባው ምሳሌ ከእርሻ የሚገኘው ነው። የዘር አበቃቀል በሁለት ይከፈላል። ክኩ ከምድር በላይ ወጥቶ የሚታይበት አበቃቀል «ኤፒጂየል» ሲባል፣ ክኩ ከምድር ሥር የሚቀርበት ደግሞ «ሃይፖጂየል» ይባላል። «ጌ» ማለት ምድር ስለሆነ የመጀመሪያው «ከምድር በላይ»፣ ሁለተኛው «ከምድር ሥር» ማለት ነው። ከክኩ በታች ያለው የቡቃያ ግንድም «ሃይፖኮቲል» ይባላል። በብዙ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚታየው ሥዕል የቦሎቄ ዓይነት ሲሆን፣ በዚህ ዘር ሃይፖኮቲሉ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ክኩን ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል። መምህሩ ግን በእንግሊዝኛው የተጻፈውን ስም «ባቄላ» ብሎ ይተረጉመውና ለሙከራው ከጎተራ ባቄላ ያመጣል። ባቄላ ክኩን ከምድር ሥር የሚያስቀር ዘር ነው፤ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያም እንዲሁ ናቸው። ተማሪው በቆርቆሮ የተከለውን ቡቃያ አይቶ «መጽሐፉ ያለው አልሆነም» ሲል መምህሩ «ዘሩ ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። የተበላሸው ዘሩ ሳይሆን ትርጉሙ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዘር ጎን ለጎን መትከል ነው፤ ባቄላን ለሃይፖጂየል፣ ቦሎቄን ወይም ግብጦን ለኤፒጂየል። ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁለቱ ልዩነት በግልጽ ይታያል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ጥቂት ቀናት ሊጨምር ይችላል። ከዚያ በኋላ «ሃይፖ» የሚለው ቃል ለተማሪው በዓይኑ ያየው፣ በጣቱ አፈር ቆፍሮ የነካው ነገር ይሆናል።

3. «ከልክ ማነስ» ማለት ሲሆን

ሁለተኛው ትርጉም የመጠን ነው። ታች ያለ ነገር ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ዝቅ ያለውም ከሚገባው ልክ ያነሰ ስለሚሆን፣ ቃሉ ከቦታ ወደ መጠን ተሻገረ። ይሁን እንጂ ሁለቱን መደባለቅ አይገባም። ታች ጋይንት ማለት በቦታው ዝቅ ያለው ጋይንት ማለት ነው እንጂ ከጋይንትነቱ የጎደለ አገር ማለት አይደለም። በሕክምና ቃላት ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ይህ የመጉደል ትርጉም ነው። ምሳሌዎቹን ከዚሁ አገር መልክዓ ምድር ጋር እያያዝን እንመልከት።

ሀ) ሃይፖተርሚያ። «ተርሜ» ሙቀት ማለት ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የሰውነት ሙቀት ከልክ በታች መውረድን ያመለክታል። ለአዋቂ ሰው ወሰኑ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ከ36.5 ዲግሪ በታች ከወረደ እንደ ቀዘቀዘ ይቆጠራል። ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚመሰክረው ነፋሻማና ብርዳም ደጋ ናት። ሕፃኑ እንደተወለደ ሳይደርቅና ሳይሸፈን ቢቆይ፣ ወይም ወዲያው ቢታጠብ ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። አድርቆ ከእናቱ ገላ ጋር ማስተቃቀፍ ቀላሉና ፍቱኑ መከላከያ ነው።

ለ) ሃይፖክሲያ። ይህ ቃል በሰውነት ውስጥ የኦክስጅን ማነስን ያመለክታል። እዚህ ላይ መነሻው የመጨረሻ ድምፁን ከተከታዩ ቃል ጋር አዋህዷል፤ በአማርኛ «የአገር» የሚለው «ያገር» እንደሚሆን ማለት ነው። በላይ ጋይንት፣ በእስቴና በፋርጣ መካከል የሚገኘው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ብዙ ተማሪዎች በከፍታ ቦታ የኦክስጅን ድርሻ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። የአየሩ ድርሻ እዚያም ቢሆን ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ሲሆን በጉና አናት ላይ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 60 በመቶ ያህል ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በአንድ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን መጠን ያንሳል። በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢን መጠንና የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ሰዎች ብዙ አልራቀም። የኢትዮጵያ ደገኛ ከከፍታው ጋር የተስማማበት መንገድ ከአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች የተለየ በመሆኑ የዓለም ሊቃውንትን ትኩረት ስቧል።

ሐ) ሃይፖታይሮይዲዝም። ይህ ቃል በአንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከምን ያመለክታል። ዕጢው ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ሲሆን፣ አዮዲን በጎርፍ ታጥቦ የሚሄድ ንጥረ ነገር ስለሆነ ቁልቁለታማና የተሸረሸረ አፈር ባለበት ተራራማ አገር እጥረቱ የተለመደ ነው። ዕጢው የጎደለውን ለማካካስ ሲል ያድግና እንቅርት ይሆናል። እንቅርት ሁሉ ሃይፖታይሮይዲዝም አይደለም፤ ነገር ግን የአዮዲን እጥረት ሁለቱንም ያስከትላል። ሕዝቡ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲል እንቅርትን እንደ ቀላል መከራ ቆጥሮ የከፋውን ይጨምርበታል። ዕጢው ግን የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየውና የከፋው፣ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ያጣ ፅንስ አእምሮው በሚገባ አለማደጉ ነው። ይህም ቀጥታ የትምህርት ጉዳይ ነው። ለምግብ የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ደንብ አውጥቷል። መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊነግር የሚገባው ደግሞ አዮዲን ያለበት ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ መቀመጥ፣ ከወጡም ላይ በመጨረሻ መጨመር እንዳለበት ነው።

መ) ሃይፖግላይሴሚያ። «ግላይክ» ጣፋጭ፣ «ኤሚያ» የሚለው መድረሻ ደም ማለት ስለሆነ ቃሉ የደም ስኳር መውረድ ማለት ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ቢዘገይበት ወይም ከወትሮው የበዛ ሥራ ቢሠራ የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኃብና ግራ መጋባት ነው። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም በሻይ በጥብጦ ወዲያው መስጠት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጥ ወደ ጤና ድርጅት በፍጥነት መውሰድ ይገባል። «የስኳር በሽተኛ ስኳር አይቀምስም» የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ሰዓት ገዳይ ነው።

ሠ) ሃይፖቴንሽን። ይህ የደም ግፊት መውረድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በ60 በታች የሆነ ልኬት እንደዚህ ይቆጠራል። ተቃራኒው ሃይፐርቴንሽን በተደጋጋሚ ልኬት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ግፊት አለበት» ሲባል የሚገባን ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ደግሞ ብዙ ሰው «ደም ማነስ» ይለዋል፤ ይህ ግን ሌላ በሽታ፣ ማለትም የቀይ የደም ሕዋስ ወይም የሄሞግሎቢን ማነስ ነው። ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ለግፊቱ «መውረድ»፣ ለደሙ «ማነስ» ብሎ መለየት ይጠቅማል።

በዚህ የመጠን ትርጉም «ሃይፖቶኒክ» የሚለውም ይገኛል። በጋይንት የሚመረተውን ድንች በቀጭኑ ቆርጦ አንዱን ቁራጭ በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ማስቀመጥ ይበቃል። በንጹሕ ውሃ ያለው፣ ውሃው ከድንቹ ሕዋስ ያነሰ ጥንካሬ ያለው ሃይፖቶኒክ ስለሆነ፣ ጠጥቶ ይገተራል፤ በጨው ውሃ ያለው፣ ውሃው ሃይፐርቶኒክ ስለሆነ፣ ውሃውን አጥቶ ይልፈሰፈሳል።

በኬሚስትሪ ያለው አጠቃቀም ለመጠኑ ትርጉም ቅርብ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ከክሎራይት ያነሰ ኦክስጅን አለው። ክሎራይት ከአንድ የክሎሪን አቶም ጋር ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ሲኖሩት ሃይፖክሎራይት አንድ ብቻ አለው። መነሻው እዚህ የሚያመለክተው በተርታው ውስጥ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለትን ነው።

4. ሁለቱን ትርጉሞች የመለያ ዘዴ

ተማሪው አዲስ ቃል ሲያጋጥመው «ሥር» ይበል ወይስ «ማነስ»? ለዚህ ቀላል መመሪያ አለ። የቃሉን ሁለተኛ ክፍል ይመልከት። ሁለተኛው ክፍል ቦታ ያለውን ነገር የሚሰይም ከሆነ፣ ይኸውም ቆዳ፣ ምድር፣ ክክ የመሳሰለውን፣ «ሃይፖ» ሥር ማለት ነው። የሚለካን ነገር የሚሰይም ከሆነ፣ ይኸውም ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ስኳርን፣ ኦክስጅንን፣ «ሃይፖ» ማነስ ማለት ነው።

መመሪያው አንድ ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታይሮይድ ቦታ ያለው ዕጢ ስለሆነ «ሃይፖታይሮይዲዝም» በመመሪያው መሠረት «ከታይሮይድ ሥር» የሚል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ያለው «ኢዝም» ሁኔታን የሚያመለክት መድረሻ ስለሆነ የተሰየመው ዕጢው ሳይሆን የዕጢው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይለካል። ይህን ጥንቃቄ ራሱ ተማሪዎቹ እንዲደርሱበት ቢደረግ ከመመሪያው ይበልጥ ያስተምራል።

ሌሎች ሦስት መሰናክሎችም መጠቀስ አለባቸው። አንደኛው «ሃይፐር» ነው። በጽሑፍ ሲታዩ የሁለቱ መነሻዎች ልዩነት «ፖ» እና «ፐር» ብቻ ስለሆነ በፍጥነት የጻፈም ያነበበም ሊስት ይችላል። ሁለተኛው ድምፃቸው የሚመሳሰል፣ ሥራቸው ግን የተለየ ቃላት ናቸው። ጉማሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም «ሂፖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ፈረስ ነው፤ «የወንዝ ፈረስ» ማለት ነውና። «ሂፕኖሲስ» ደግሞ ከእንቅልፍ ስም የተገኘ ነው። ሦስተኛው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። «ሃይፖ»፣ «ሀይፖ»፣ «ሐይፖ» እየተባለ በየመጽሐፉ ሲጻፍ ተማሪው ሦስት ነገር ያየ ይመስለዋል።

5. ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ ባካሄደው ሥራም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ በተደረጉት ጥረቶች፣ ቋሚ መነሻዎችን የመጠቀም ዘዴ ብዙ ፍሬ ሰጥቷል። «ሥነ» የሚለው ቃል ሥነ ሕይወትን፣ ሥነ ምድርን፣ ሥነ ልቦናን ሰጥቶናል፤ «ፀረ» የሚለው ፀረ ተባይንና ፀረ ወባን። ከዚህ በመነሣት «ሃይፖ» ለሚለውም አንድ ቋሚ አቻ፣ ለምሳሌ «ታሕተ» የሚለውን፣ መርጦ በሁሉም ላይ መለጠፍ ይቻላል የሚል አስተያየት ሊሰነዘር ይችላል። አስተያየቱ በመልኩ የሚያምር ቢሆንም የሚያዋጣ አይመስለንም። «ታሕተ ቆዳ» ለጆሮ ይስማማል፤ «ታሕተ ስኳር» ግን ከስኳር ሥር ያለ ነገር ማለት ይሆንና ያንኑ የምንሸሸውን ስሕተት መልሶ ያመጣዋል።

የጥንት ተርጓሚዎቻችን ይህን አውቀውታል። ከዲያቆን በታች ያለው ማዕረግ በግሪክ «ሂፖዲያቆኖስ» ይባላል፤ መነሻው የእኛው «ሃይፖ» ነው። በግዕዝ ግን «ታሕተ ዲያቆን» አልተባለም፤ «ንፍቀ ዲያቆን» ተባለ። «ንፍቅ» እኩሌታ ማለት ነው። «ዲያቆን» የሚለውን እንዳለ ተቀብለው «ሃይፖ» የሚለውን እንደ ትርጉሙ መለሱት። ይህም ለዘመናችን ጥሩ አርአያ ነው።

በዚሁ መሠረት በአማርኛ ሲገለጽ ለሃይፖደርሚክ «ከቆዳ ሥር»፣ ለሃይፖጂየል «ከምድር ሥር የሚቀር»፣ ለሃይፖተርሚያ «የሰውነት ሙቀት መውረድ»፣ ለሃይፖክሲያ «የኦክስጅን ማነስ»፣ ለሃይፖግላይሴሚያ «የደም ስኳር መውረድ»፣ ለሃይፖታይሮይዲዝም «የታይሮይድ ሥራ መድከም» ማለት ይመረጣል። አንዱ የግሪክ መነሻ በአማርኛ አራት ቃላት ፈልጓል፤ ሥር፣ መውረድ፣ ማነስ፣ መድከም። ይህ የአማርኛ ድህነት ሳይሆን ሀብት ነው። ባዕዱን ቃል ለመክፈት መነሻውን እናስተምር፤ ለመተርጎም ግን ሐሳቡን እንከተል።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረበ ሐሳብ

ለመምህራን፦ ከላይ የተገለጸውን በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መስጠት ይቻላል።

ሀ) በመጀመሪያ ተማሪዎቹ በአካባቢያቸው «ላይ» እና «ታች» የሚሉ ቃላት የተቀጠሉባቸውን የቦታ ስሞች እንዲዘረዝሩ ማድረግ።

ለ) ከዚያ «ሃይፖ» እና «ሃይፐር» የሚሉትን በሰሌዳው ታችና ላይ መጻፍ፤ በመካከላቸው ደንበኛውን ልክ የሚያመለክት መስመር ማስመር።

ሐ) አምስት ቃላት ሰጥቶ ተማሪዎቹ ሁለተኛውን ክፍል ለይተው «ሥር» ወይም «ማነስ» ብለው እንዲፈርዱ ማድረግ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከዚህ በፊት ያላዩት ቃል ይሁን።

መ) በመጨረሻ እያንዳንዱን ቃል በራሳቸው አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያብራሩ ማድረግ። ማብራራት ያልቻለ ተማሪ ቃሉን ቢጠራውም አላወቀውም።

የዘሩና የድንቹ ሙከራ ከዚህ ክፍለ ጊዜ አስቀድሞ ቢጀመር ትምህርቱ በሚሰጥበት ቀን ማስረጃው ከፊት ይገኛል።

ለዕቅድ አውጪዎች፦ አንደኛ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ በሚለወጥበት ክፍል መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ከ20 የማይበልጡ የግሪክና የላቲን መነሻዎችና መድረሻዎች ከምሳሌ ጋር ቢቀርቡ። ከ20 በላይ መዘርዘር ግን ሌላ የሽምደዳ ሸክም መጨመር ነው። ሁለተኛ፣ የባዕድ መነሻዎች የፊደል አጻጻፍ በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች መጻሕፍት አንድ ዓይነት ቢሆን፤ «ሃይፖ» እና «ሃይፐር» በአንድ ገጽ ሲገናኙም ልዩነታቸው በደማቅ ፊደል ቢታይ። ሦስተኛ፣ በመጻሕፍቱ የሚጠቀሱ ሰብሎችና ሙከራዎች ከመታተማቸው በፊት በአገራችን ዘር ቢሞከሩ። አራተኛ፣ የቃላት አሠራር በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በቋንቋ ክፍል ብቻ ሳይተው ለሳይንስ እጩ መምህራንም ቢሰጥ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው አንድ ትንሽ መነሻ ከጉና አናት እስከ ባቄላው ማሳ፣ ከጎነ ሦስቱ እስከ ሕፃኑ መኝታ ድረስ ይገባል። ትርጉሙ አንድ ጊዜ ሥር፣ አንድ ጊዜ ማነስ ነው፤ ሁለቱን የሚለየውም ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። ይህን ማወቅ ሥራን የሚያቀል እንጂ በሥራ ላይ ሥራ የሚጨምር አይደለም።

በመግቢያው የተጠቀሰውን ወረቀት እጩ መምህሩ በዚያው ቀን አንሥቶ በሌላ ተካው። በአዲሱ ወረቀት ላይ አንድ አግድም መስመር አስምሮ ከመስመሩ በላይ «ሃይፐር፦ ላይ»፣ ከመስመሩ በታች «ሃይፖ፦ ታች» ብሎ ጻፈ። ከታችኛው ጎን ደግሞ፣ ማንም ሳይነግረው፣ «ስኳር ሲወርድ ስኳር ስጡ» የሚል አምስት ልጆች በአንድ ድምፅ ሊያነቡት የሚችሉ አጭር ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። ኢንሱሊን የምትወጋው ልጅ ወረቀቱን ያስለጠፈችው ከራሷ መቀመጫ አጠገብ ነው።